ሐሚዳ አፉ በሉኝ ያለች ጊዜ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢደመር ምን ይሆናል? ሠርቶ ያቆመው ነው የሚቆጠርለት ወይስ ፈልጎ የተከለከለውም ጭምር? በያጁ ሸምሱ ነፋስ ስልክ ላይ ግማሽ ዕድሜውን ብረት ሲያያይዝ ኖሯል፤ እሱ ራሱ ግን ሕይወቴ ብሎ የሚያስበው የደርግ ጊዜውን የሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነበር።

የሚስቱ የሐሚዳ ወንድም አብደላ ጅቡቲ ጋራዥ ከፍቶ፣ «በያጅ አጥቻለሁ፤ ቤተሰብህን ይዘህ ና» ብሎ ላከበት። ሸምሱ አላማረውም። በዚህ ዕድሜ የሰው አገር፣ የሰው እጅ ማየት። ግን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቷል፤ አንድ ልጁ ሙዘይን ደግሞ አሥራ ሰባት ሊሞላው ነው።

«ለእንጀራው ቢሆን እዚሁ እንከርም ነበር» አላት ሚስቱን። «ልጁን ግን ላሻግረው።»

ለመውጣት የቀበሌ ድጋፍና ዋስ ያስፈልጋል። ሄደው ቢቀሩ የሚታሰረው ዋሱ ነው። ጎረቤቱ ግዛው እሺ አለ። ለቀበሌው የተነገረው «ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን» ነው፤ ሐሚዳም አፏን እንድትይዝ ተነገራት። ያዘች። አንድ ነገር ብቻ መተው አልቻለችም፤ የሰው ሐቅ ተሸክማ መንገድ መውጣት። ቤት ለቤት እየዞረች «አፉ በሉኝ፣ የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ» አለች። በቦኖ ውሃ ወረፋ ተጣልተው ያኮረፈቻት ሸዋረገድ ዘንድ ስትደርስ እንባዋ ቀደማት።

«ምነው አንቺ፣ ለሁለት ዓመት እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?» አለች ሸዋረገድ በነጠላዋ እየጠረገችላት። «ላትመለሺ ነው እንዴ?»

በክፋት አልነበረም ያለችው። ወሬው ግን ሰፈሩን አዳረሰ። በማግስቱ ግዛው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «ሸምሱ ወንድሜ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለና ሳይገባ ተመለሰ። ሸምሱ ሊቀየመው ሞክሮ አቃተው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በጎረቤቱ ታስሮ ነበር የሚኖረው፤ አንዱ ቢያመልጥ ገመዱ የሚጠብቀው በሌላው አንገት ላይ ነው።

ሐሚዳ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ስትል፣ «ተይው፤ አፉ በሉኝ ሳትዪ ብትሄጂ ደግሞ እንቅልፍ አይወስድሽም ነበር» አላት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ማሞ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ጠበቀው።

«ሚስትህ አገሩን ተሰናብታ ጨርሳ፣ አንተ ሁለት ዓመት ትለኛለህ? ለማንኛውም ዋስ ካጣህ ልጅህ ዋስ ይሁንህ። እሱ ይቅር፣ እናንተ ሂዱ።»

 ሊያተርፈው የተነሳውን ልጅ አስይዞ መውጣት፤ ካልወጣም አብሮ ተቀምጦ የሚወሰድበትን ቀን መጠበቅ። ሸምሱ ሁለቱንም በልቡ እያገላበጠ አያቸው፤ መጨረሻቸው አንድ ነው።

«ጓድ ማሞ፣ እኔን ያዙኝ» አለ። «ልጁ ከእናቱ ጋር ይሂድ። ጠዋት ጠዋት መጥቼ እፈርማለሁ። ካሻችሁም እሰሩኝ።»

ማሞ ሳቀ። «የተጠራኸው በያጁ አንተ፤ እነሱ ምን ሊበይዱ ይሄዳሉ?»

ሸምሱ ከዚያ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄደ፣ ከከፍተኛው ወደ ኢሚግሬሽን። በየደረሰበት የጠየቀው ያችኑ ነው፤ እኔ ልቅር፣ ልጁ ይውጣ። እሺ ያለው አልተገኘም፤ ክረምቱ ሲወጣ ሦስቱም እዚያው ነፋስ ስልክ ነበሩ።