ካያ ውስጥ የወደቀው ግንድ

ማማ ኔቩን የሚያህል ግትር ሰው አላጋጠመኝም፤ እንኳንም ግትር ሆኑ። ካያችንን፣ ያን አያቶቻችን የተቀበሩበትን ቅዱስ ጫካ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ጠብቀናል። ደመወዝ የሚከፍለን የጥብቅ ደኑ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማማ ኔቩ ግን የሚፈሩት ሙታኑን ነበር። ጥቁር ሽርጣቸውን ታጥቀው በባዶ እግራቸው ሲገቡ፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ እከተላቸዋለሁ።

ካያ ውስጥ የወደቀ እንጨት አይነሳም። ማገዶ ቀርቶ ለጥርስ መፋቂያ እንኳ አይሰበርም፤ በወደቀበት ይበሰብሳል።

አንድ ዓመት፣ ከዝናቡ በኋላ፣ ትልቅ ዛፍ ወድቆ የተቀረጹት የአባቶች የመቃብር እንጨቶች ወደቆሙበት የሚወስደውን መንገድ ዘጋው። ግራ ቀኙ እሾህ ነው፤ ከግንዱ ሥር ብቻ ጠባብ ክፍተት ቀርቷል። በማግስቱ ደግሞ ከናይሮቢ ትልቅ ሰው ሊጎበኝ ይመጣል። አለቃችን ጄፋ፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ የሞተር መጋዝ ይዞ ሲደርስ ማማ ኔቩ ግንዱ ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ ካሳቫ ይበላሉ።

«ማማ፣ ይነሱልኝ እንጂ።»

«አንተ ልጅ፣ አያትህ በተቀበረበት ይሄን ነገር ልታስጮኽበት ነው?»

«ታዲያ እንግዳው በየት ይለፉ?»

«በሥሩ። እኔ በዚህ ወገቤ አልፌ የለ?»

«ሰውዬውን አላዩአቸውም! ሆዳቸው ብቻ ይሄን ግንድ ያህላል።»

«እንግዲያ ሆዳቸውን ውጭ ትተውት ይግቡ።»

እኔ ሳቅኩ፣ ጄፋ አልሳቀም። «ነገ እንግዳው ከዚህ ከተመለሱ፣ እርስዎም ሥራዎን ይርሱት» ብሎ ሄደ። ማማ ኔቩ ሦስት የልጅ ልጆች ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ያችን ደመወዝ ካጡ ምን ሊበሉ ነው? እርሳቸው ካሳቫቸውን ማኘክ ቀጠሉ።

በማግስቱ እንግዳው መጡ፤ ግንዱን አዩ፣ ጄፋን አዩ። ጄፋ ላብ በላብ ሆነ። ማማ ኔቩ ጎንበስ ብለው ሾለኩና ከወዲያ በኩል እጃቸውን ዘረጉ።

«ይምጡ ልጄ። የአያት ቤት በር መቼም ዝቅ ያለ ነው።»

ሰውዬው ኮታቸውን ለጄፋ ሰጥተው ዳኹ። ወዲያ ሲወጡ ሱሪያቸው ጭቃ በጭቃ ነበር። «አያቴ ቤት ከገባሁ አርባ ዓመቴ» አሉ።

መጨረሻ ላይ ጄፋም ኮቱን አቅፎ ዳኸ። ስለ ሥራው ነገር ዳግም ያነሳ የለም።

ማማ ኔቩ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ግንዱም በስብሶ አልቆ መንገዱ ወለል ብሏል። ባለፈው ሳምንት ጄፋ አዲስ የተቀጠረችውን ጠባቂ ይዞ ገባ፤ እኔ ከኋላ ነኝ። እዚያ ቦታ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ልጅቱ ግራ ገባት።

«ምን አለ እዚህ?»

«ማማ ኔቩ ተቀምጠዋል» አላት።