ባዬ ዝም ያለበት ዓርብ

ባዬ ቡሬ ላይ ድንኳንና ወንበር ማከራየት ሲጀምር ታናሽ ወንድሙ ገነነ ገና ተማሪ ነበር። ያኔ ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ ሰው ባዬን ሳይጠይቅ ቀን አይቆርጥም። አንገቱን ቀና አድርጎ ጥቂት ያስብና አለ ወይም የለም ይላል፤ ድንኳኑ ለሁለት ሰው ተይዞበት አያውቅም።

ገነነ ኮምፒውተር ተምሮ ከባሕር ዳር ሲመለስ ነገሩ ተለወጠ። በቴሌግራም ደንበኛ እያነጋገረ ትእዛዝ የሚቀበል ሰው ሠራሽ አስተውሎት አዘጋጀ። ደንበኛው የፈረንጅ ቀን ቢጽፍ ራሱ ወደ እኛ ቀን መልሶ ይመዘግባል። ከአዲስ አበባም ከዱባይም ሥራ ጎረፈ። እናታቸው ወይዘሮ ዓባይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ወሬያቸው ሁሉ የገነነ ሆነ። ጎረቤት ሲያደንቅላቸው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብለው ይስቃሉ። ባዬ ከኋላቸው እየተከተለ ይሰማል። ድንኳኑን የገዛው፣ በጠራራ ፀሐይ ካስማ የሚመታው እሱ ነው። የድሮ ደንበኞቹ እንኳ በር ላይ ቆመው "ገነነ የለም?" ሲሉት አንጀቱ ያርራል።

ጥር ላይ ዱባይ የሚሠራ አንድ ሙሽራ፣ ማንኩሳ ለሚደረገው ሠርጉ ድንኳን አዘዘ፤ ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 24 ብሎ። ዓርብ ጠዋት ባዬ የትእዛዙን ስልክ አንሥቶ ሲያይ ጥር 17 ተብሎ ተመዝግቧል። ጥር 17 ደግሞ እሑድ ነው። ቅዳሜው ኪዳነ ምሕረት፣ ጥር 16 ነበር።

ገነነ አጠገቡ ወንበር እየደረደረ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ባዬ ስልኩን አስቀምጦ ገመድ መጠቅለል ያዘ። ስሕተቱን እማዬም ትስማው፣ አገሩም ይስማው፣ አለ በልቡ።

በማግስቱ የሙሽራዋ አባት አቶ ስመኘው ደወሉ፤ ስልኩን ያነሣው ባዬ ነው።

"ልጄ፣ እንግዳው እየገባ ነው። ድንኳኑ የት ደረሰ?"

ይቆጣሉ ብሎ ሲጠብቅ ሰውዬው ለመኑት። ዓርብ ዕለት ያሞቀው ደስታ እዚያው ከዳው። ከገነነ ጋር አይሱዙውን ጭነው ሲደርሱ እንግዳው ባሕር ዛፍ ሥር ተበታትኖ ተቀምጧል፤ ሙሽራዋ እልፍኝ ውስጥ ታለቅሳለች። የሰፈሩ ጎረምሶች አግዘዋቸው ሙሽራው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ድንኳኑ ቆመ።

ሲመለሱ ገነነ መኪናው ውስጥ ጠየቀው።

"ጋሼ፣ ቀኑ መሳሳቱን አይተኸው ነበር?"

"ዓርብ አይቸዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?"

"እማዬ ስለ አንተ ብቻ ነው የምታወራ" አለ ባዬ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

ገነነ ሰንብቶ ማሽኑን አስተካከለ። ነገሩ ቀን እንደማይቆጥር፣ ካነበበው ብዛት እየገመተ እንደሚጽፍ ለወንድሙ አስረዳው። ስለዚህ ስሌቱን ከማሽኑ ነጥቆ ለቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ሰጠው። የማሽኑ ሥራ የሁለቱን አቆጣጠር ቀን ከነዕለቱ ጽፎ ደንበኛውን "ልክ ነው?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ሆነ። ሦስት ሰዓት የሚል ቢመጣ፣ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ ብሎ ያጣራል።

ባዬ ልፈትነው አለ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት አመጣበት፣ የፈረንጆቹን የካቲት ሃያ ዘጠኝም ጨመረበት፤ እንዲስት እየተመኘ። ማሽኑ አንዱንም አልሳተም። ገነነ በደስታ ትከሻውን መታ አደረገው፤ ባዬ ግን ስልኩን መልሶለት ወደ ገመዱ ዞረ።

ስለዚያ ዓርብ ገነነ ለእናታቸው አንድም ቃል አልተነፈሰም። እንዲያውም ሲጠይቁት የማንኩሳውን ሠርግ ያዳነው ባዬ ነው አላቸው። ወይዘሮ ዓባይነሽም ባዬን መረቁት፤ ወዲያው ግን ለጎረቤታቸው ዞረው የገነነ ልብ እንዴት ደግ እንደሆነ ማውራት ጀመሩ። ባዬ ካስማዎቹን አንሥቶ ወደ መኪናው ሄደ። ያስቀናው የወንድሙ ዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ደግነቱም ጭምር ነው።