አንዱ ለዋናው፣ አንዱ ለቅጂው

አንዲት ቁልፍ ኤክሴል ላይ ለመሥራት ሁለት ሳምንት ፈጀባት ቢባል ማን ያምናል? ሥራዋ የሆስፒታሉን መጋዘን መዝገብ መያዝ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ስሟን ረስቶ «ኤክሴሏ» ይላታል። የመጋዘኑ ሽማግሌ ካርቶን ሲረከቡ ቁጥሩን ጽፈው «ገባ» የምትለውን ቁልፍ እንዲነኩ፣ በቃ፣ ይህን ብቻ ነበር ያሰበችው። ወጪውን እሷ ራሷ ትሞላለች።

አለቃዋ ግን መች አርፎ! ቁልፏን ግራጫ ስታደርጋት «ፊቷ ጠቆረ» አለ። አረንጓዴ ስታደርጋት «የትራፊክ መብራት ነው እንዴ?» ጥጎቿ ክብ ይሁኑ፣ ጥላ ይጨመርላት፣ ፊደሉ ይወፍር... ቁልፊቱ ደግሞ በተነካካች ቁጥር ከቦታዋ ተንሸራታ ቁጥሮቹ ላይ ትጋደማለች። በመጨረሻ፣ ስትነካ ብቅ የሚለውን «ተመዝግቧል» የሚል መልእክት «ያስጠላል፣ አንሺው» አላት። አነሳችው። ምን ታድርግ፣ ብሽቅ ብላ ነበር።

ወር ሳይሞላ ቆጠራ መጣ። መዝገቡ ሰማንያ ካርቶን ጓንት ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው አርባ። አለቃው የክስ ደብዳቤ አስጻፈ፤ ከሰዓት በኋላ ሊፈርምበት ነው። ሽማግሌው ገና አልሰሙም። ጡረታ ሊወጡ ስድስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን ቤት ሌባ ተብለው ሊለቁት! ደሟ ፈላ። ወደ መጋዘኑ ሮጠች።

«ጋሼ፣ እስቲ ሲመዘግቡ ልይዎት።»

«ምነው ልጄ?» አሉና ተረጋግተው ሦስት ብለው ጻፉ። ጠቅ። ደግሞ ጠቅ።

«ሁለቴ ነኩት እኮ!»

«ታዲያስ! አንዱ ለዋናው፣ አንዱ ለቅጂው። ማህተም ስመታ የኖርኩት እንዲሁ አይደል? ቅጂ የሌለው ነገር ምን ዋጋ አለው?»

ራሷን ያዘች። ትሳቅ ወይስ ታልቅስ?

አለቃውን ብዕር እንደያዘ ደረሰችበት። «መልእክቱን ያስነሱኝ እርስዎ ነዎት! እኚህ ሰውዬ ሁለቴ መመዝገቡን በምን ይወቁ? ይኸው ይዩት፣ እያንዳንዱ ገቢ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ!» መስመሩን በጣቷ እያሳየች አስቆጠረችው። አለቃው ላብ ላብ አለው፤ ደብዳቤውን ቀደደ። «የቁልፏን ቀለም ግን...» ብሎ ሲጀምር በሩን ድርግም አድርጋበት ወጣች። ኧረ ወዲያ!

ሽማግሌውን «አንዴ ብቻ ይንኩ» አለቻቸው። እሺ አሉ፤ ጣታቸው ግን እምቢ አለ። ቢቸግራት ከ«ገባ» አጠገብ «ቅጂ» የምትል ሌላ ቁልፍ ሠራች፤ ብትነካ ምንም የማትሠራ። አንዷን ነኩ፣ ሌላዋን ነኩ፣ ደስ አላቸው።

«ቅጂው ማን ጋ ነው የሚቀመጠው ልጄ?»

«እኔ ጋ ነው ጋሼ።»

«ጎሽ! አንድ ቀን ሌባ ቢሉኝ አንቺ ታወጪዋለሽ።»