ለአጎቴ ጠመንጃ ጥይት ስሞላ

እጄ አይንቀጠቀጥም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ሚዛን ላይ ዱቄት ሲደፉ፣ ጠርሙስ ሲሰብሩ፣ ከኋላቸው ቆሜ የማስተካክለው እኔ ነኝ። የእናቴ ወንድም ጥይት መሙላት እንድማር የጠየቁኝም በዚሁ እጄ ምክንያት ነው። ምነው ባልጠየቁኝ ያላልኩበት ሳምንት የለም።

አጎቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት አደን በመምራት ነው። ፈረንጆች ፈቃድ አውጥተው የደጋ አጋዘን ሊያድኑ ሲመጡ ተቀብሎ ወደ ባሌ ደጋ የሚያወጣቸው ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር። የሚተኩሰው እንግዳው ነው። እንግዳው እንስሳውን አቁስሎ ካመለጠው ግን ከገደል ማዶ፣ ከሩቅ፣ መጨረስ የአጎቴ ድርሻ ነው። ብዙ የማያወሩ ሰው ነበሩ። ስለ ራሳቸው ሲናገሩ የሰማሁት ኩራት አንድ ብቻ ነው፤ "የቆሰለ እንስሳ ጥዬ ገብቼ አላውቅም" ይሉ ነበር።

ጠመንጃቸው የድሮ፣ አፈሙዙ ሰፊ፣ ከሩቅ የሚመታ ከባድ ጠመንጃ ነበር። ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለሃ እየሰበሰቡ፣ ባሩዱንና ጫፉ ላይ የሚገጠመውን እርሳስ በድርጅቱ በኩል እያስመጡ፣ በገዛ እጃቸው መልሰው ይሞሉት ነበር። መሣሪያውን ትቶላቸው የሄደው አንድ የድሮ ደንበኛ ነው፤ ፈቃዱ በስማቸው ነው።

ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ያወቅኩት ሐይቅ ዳር ዓሣ ስንበላ ነው። አጥንቱን መልቀም አቃታቸውና ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቁት። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ፤ እሳቸው ግን ማየቴን አይተዋል።

"ጠመንጃ ስይዝ ይተወኛል" አሉኝ። "ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ካረፈ ጸጥ ይላል። ያስቸገረኝ ጥቃቅኑ ነገር ነው። ባሩድ መመዘን አልቻልኩም።"

"ሐኪም ቤት ሄደዋል ጋሼ?"

"ሄጃለሁ። ድርጅቱ ከሰማ ግን ያን ተራራ ዳግም አላየውም።"

ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ተራራ ሌላ ምን እንደነበራቸው ባስብ ባስብ አላገኝም። እሺ አልኳቸው።

የምንሠራው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባህል አዳራሽ ጀርባ ባለው ግቢያቸው፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች ባሩድ የሚባል ነገር አላየሁም። ቀለሃ ስጠርግ፣ አንዱን ከሌላው ስለይ፣ አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ እንዳለ በጥፍሬ ስዳስስ ዋልኩ። ተናደድኩ። ዲግሪ ይዤ ነሐስ ስወለውል ልኖር ነው ወይ ብዬ አጉረመረምኩ።

"እኔ እኮ የምኖረው በሚዛን ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"አንቺ ጋ ሰው ሲሳሳት እንደገና ይሠራል" አሉ። "እዚህ እንደገና የለም።"

በሦስተኛው ቅዳሜ አስጀመሩኝ። በእያንዳንዱ ቀለሃ ቂጥ ላይ ባሩዱን የምትለኩሰውን ትንሽ ነገር ማስቀመጥ፣ ቀለሃዎቹን ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ በመስመር ማቆም፣ ባሩዱን መዝኖ በየአፋቸው መጨመር፣ ከዚያ እርሳሱን በእጅ መጫኛው ተጭኖ መግጠም። ሲያዩት ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ሐሳብ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሕግ የነበራቸው። ባሩድ ሲሞላ አይወራም። ስልክ ይጠፋል። በመሃል አንድ ነገር ካቋረጠሽ፣ የቱ ጋ ነበርኩ ብለሽ አታስታውሺም፤ ሁሉንም ገልብጠሽ ከአንድ ትጀምሪያለሽ። በመጨረሻም እሳቸው ባትሪ እያበሩ የእያንዳንዱን ቀለሃ አፍ ሳያዩ እርሳስ አይገጠምም።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ስላስነጠሰኝ አስገለበጡኝ። ሌላ ቀን አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ዘፍ ብሎ አርፎ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ቀና በማለቴ ብቻ አስገለበጡኝ። "ወፉን ስደቢ እንጂ እኔን እንዳትሰድቢኝ" አሉና ሳቁ። ሲስቁ እጃቸው ይብስባቸው ነበር። እነዚያን ቅዳሜዎች እወዳቸው ነበር፤ ዛሬ ስጽፈው ነው ምን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝ።

ወደ ተራራ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው የመጨረሻውን ሙሌት ያዝን። ሙቀት ስለነበረ በሩን ገርበብ አድርገነዋል። አራተኛው መስመር ላይ ደርሻለሁ፤ የመዘንኩት ባሩድ በማንኪያው ላይ ነው። በሩ ተገፋና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ እናትና አባቴን ያስታረቁ፣ አጎቴንም ሚስታቸው ሲሞቱ ያጽናኑ ትልቅ ሰው፣ በትራቸውን አስቀድመው ገቡ።

ተነሳሁ። ማን የማይነሳ አለ? ሳላስበው፣ እግሬ ራሱ ነው የተነሳው።

"ኖር" አልኩ።

"በእግዚአብሔር። ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ።"

ያለው ሁለት ወንበር ነው። የእኔን ለቀቅኩላቸው፤ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ከዋናው ቤት በርጩማ አምጥቼ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ስለ አንድ ሰርግ ሊማከሩ ነበር የመጡት። ጠረጴዛውን አይተው፣ "በእኔ ምክንያት ሥራ አታቁሙ፣ አይሆንም። እንደዚያ ከሆነ እሄዳለሁ እኔ" አሉ።

አጎቴን አየኋቸው። እሳቸው የሚያዩት ሽማግሌውን ነው።

ልገለብጥ እጄን ጣውላው ላይ አሳርፌ ነበር። ግን ያን ያህል ቀለሃ ፊታቸው ብገለብጠው ምን ልላቸው ነው? መግባትዎ ሥራችንን አበላሸው ማለት አይደል? እንደዚያ ዓይነት ሰው ደግሞ ምክንያቱን ሳይጠይቁ አይቀሩም፤ ሲሰሙም ቅር ብሏቸው በትራቸውን አንስተው ይወጣሉ። አፈርኩ። ማንኪያውን ሳየው ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ ስነሳ ጨምሬዋለሁ ማለት ነው አልኩና ከሚቀጥለው ቀለሃ ጀመርኩ። ስነሳ ባሩዱን ወደ ሚዛኑ ሳህን መልሼው ሊሆን እንደሚችል የታየኝ ኋላ ነው። ሽማግሌው ሰርጉን እያነሱ ሲጥሉ ሰዓቱ ሄደ። ባትሪው የአጎቴ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር፤ አልወጣም። እኔም አውጡት አላልኩም። እርሳሱን ገጠምኩ።

የሆነውን ከተራራው ተመልሰው ራሳቸው ነገሩኝ፤ በአጭሩ። እንግዳው አጋዘኑን ሆዱ ላይ መታው። እንስሳው ገደሉን ተሻግሮ ሲወጣ አጎቴ አነጣጠሩ፣ እጃቸውም እንዳሉት ጸጥ አለ። ቃታውን ሲስቡ ግን የወጣው ድምፅ ቡሽ እንደ መንቀል ያለ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አጉርሶ ይደግም ነበር፤ አፈሙዙም ፊቱ ላይ ይፈነዳ ነበር። እሳቸው አወቁ። ከፍተው ቢያዩት እርሳሱ አፈሙዙ መሃል ላይ ተቀርቅሯል። ቀና ሲሉ እንስሳው ከሸንተረሩ ማዶ ወርዷል። ጉም ነበር። ሦስት ቀን ደሙን ተከተሉ፤ በሦስተኛው ቀን ደሙም ጠፋ።

"አንዷ ባሩድ አልነበራትም" አሉኝ። 

ድርጅቱ በጽሑፍ መልስ ጠየቃቸው። እስክሪብቶ መያዝ ስለማይችሉ በእኔ ላፕቶፕ እንድጽፍላቸው ጠሩኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። "ጥይቱን የሞላሁት እኔ ራሴ ነኝ" አሉ። መጻፌን አቆምኩ።

"ጻፊ።"

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ የሞላሁት።"

"አንቺ ፈቃድ የለሽም። ይህን ቢያውቁ ከዩኒቨርሲቲው ያስወጡሻል፣ ምናልባትም ያስሩሻል። ጻፊ። እጆቼ መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ከዓመት በላይ ሆኗል፤ ይህንንም ከድርጅቱ ደብቄአለሁ።"

ጻፍኩ። አንድም ፊደል ሳልሳሳት ጻፍኩት። ያን ያህል የደበቁትን በገዛ ጣቶቼ አወጣሁት፤ እምቢ ማለት እንኳን አልቻልኩም። በወሩ አሰናበቷቸው። ፈቃዳቸው ስለተሰረዘም ጠመንጃውን አስረከቡ።

በዚያን ቀን ያልነገርኳቸው ነገር ነበረ። የሞላሁት እኔ መሆኔን እንጂ፣ ተነስቼ እንደነበር፣ ቁጥሩ እንደጠፋብኝ፣ እያወቅኩ እንዳልገለበጥኩ አልነገርኳቸውም። ዓመት ሙሉ ተሸክሜው ዞርኩ። እሳቸው እየከሱ ሄዱ። ከሰዓት ከሰዓት ሐይቅ ዳር እወስዳቸው ነበር፤ ሻይ በማንኪያ እያጠጣኋቸው ጀልባ እናያለን። ሰው ሲጠይቃቸው "ጡረታ ወጣሁ" ይላሉ፤ ተባረርኩ አይሉም። አንገቴን እደፋለሁ።

አንድ ቀን ማንም አጠገባችን ሳይኖር አወጣሁት። ሁሉንም፣ ከማንኪያው ጀምሮ። አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ "አውቃለሁ" አሉ። "አራተኛው መስመር ላይ ነበርሽ።"

"አይተውኛል?"

"አየሁሽ። የማንኪያውን ባሩድ ወደ ሳህኑ ስትመልሺም አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ገልብጪ አላሉኝም? ባስነጠሰኝ ጊዜ ያስገለበጡኝ ሰው!" ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ ጮሄ አላውቅም።

"ሽማግሌው ቅር እንዳይላቸው" አሉ። "ባትሪውንም ለዚያ ነው ያላወጣሁት። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ጨምራው ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለአንድ እንግዳ ብለን ነው ልጄ፤ ሁለታችንም።"

 ገልብጦ እንደገና መሙላት አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነበር። ሽማግሌው እንኳን እስካሁን አያውቁም፤ እሑድ እሑድ ስለ አጎቴ ጤና ይጠይቁኛል፣ "እጸልይላቸዋለሁ" ይላሉ፤ ደግ ሰው ናቸው።

አጎቴ ስለ ሥራቸው የሚያስቡ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ ውሃውን እያዩ ቀድመው ተናገሩ።

"ሥራውስ መቅረቱ አይቀርም ነበር፤ ዛሬ ባይሆን ነገ" አሉ። "የማያስተኛኝ አጋዘኑ ነው። ሆዱ ላይ ነው የተመታው። ስንት ቀን የቆየ ይመስልሻል?"

የሆድ ቁስል ቶሎ እንደማይገድል እሳቸው ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። አንድ ቀንም አልቆየም ጋሼ፣ አልኳቸው። ውሸቴን እንደሆነ አወቁ፤ ግን አመሰገኑኝ።