የሙህዲን የጥበቃ ተራ

ፋሪዳ ማሽላ በደረሰ ቁጥር ወንድሟ ሙህዲን ይናፍቃታል። እሱ እያለ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሙህዲን ያኔ የቀበሌው ሚሊሻ ነበር፤ በሥራ ቀን ጨፋ ሮቢት ዳር ያለውን የእህል መጋዘን ይጠብቃል፣ ቅዳሜና እሁድ ከሚሴ ሄዶ ኮሌጅ ይማራል። ማታ ጠብመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ደብተሩን ሲገልጥ እሷ ሽምብራ ቆልታ ታቀርብለታለች። የሚያነበው ብዙም አይገባትም፤ እናታቸው ሲሞቱ እሱን ለማሳደግ ብላ ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረችው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ግን ደስ ይላታል።

ሐሳቡ ዲፕሎማውን ይዞ ለጦር መኮንንነት መወዳደር ነበር። ለዚህም ትምህርቱን መጨረስ፣ በጥበቃውም በአዛዡ መመስገን ነበረበት።

የመጨረሻው ፈተና ወደ ሥራ ቀን ተዛወረና ከጥበቃ ተራው ጋር ገጠመ። የሚሊሻው አዛዥ ባንተይርጋ ባቲ ገበያ ወርዶ ስለነበር ፈቃድ የሚሰጥ ጠፋ።

«እታለሜ፣ ፈተናው ይቅርብኝ» አለ ሙህዲን።

እንቢ ያለችው ፋሪዳ ናት። በነሱ አገር ለአጨዳ ጅጌ፣ ለደቦ፣ የተጠራ ሰው ካልተመቸው ጎረቤቱን ይልካል፤ ሥራው እስካልጎደለ ማን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥበቃም እንዲሁ መሰላት። ወንድሟን ሸኝታ፣ ጠብመንጃውን ቤት ቆልፋ፣ ጎረቤታቸውን ሼህ አብዱሰላምን ለመነች። ሼሁም «ቢስሚላህ» ብለው ዱላቸውን ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ባንተይርጋ ከባቲ ሲመለስ በዚያው አለፈ።

«አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋሉ ሼህ? ሙህዲንስ?» አለ።

«ፈተና ላይ ነው። እኔ ጅጌ ወጥቼለታለሁ።»

«ጥበቃ ጅጌ አለው እንዴ? ሌባ ቢመጣ አንቱ ምን ያደርጉታል?»

«የዚህ አገር ሌባ ሁሉ እኔ ቁርአን ያስቀራሁት፣ ያስተማርኩት ልጅ ነው። በስሙ እጠራዋለሁ።»

ባንተይርጋ አልሳቀም። ፋሪዳ ለሼሁ ውሃ ይዛ ስትደርስ ፊቱን አየችና ጥበቃ እንደ አጨዳ እንዳልሆነ ያኔ ገባት። ባንተይርጋም ሙህዲን እስኪመለስ ከሼሁ አጠገብ ቁጭ አለ። ሲመጣም ገሠጸውና አጨዳው እስኪያልቅ ሌሊት ሌሊት እንዲጠብቅ ፈረደበት።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ሙህዲን ዲፕሎማውን ከያዘ በኋላ፣ የጦር ሠራዊት መልማዮች ወደ ከሚሴ መጡ። ፋሪዳ ወንድሟን ተከትላ ሄዳ፣ ከመመልመያው ክፍል ደጅ ቆማ ትሰማለች። ይህ ልጅ ከጥበቃ ቦታው ቀርቶ ያውቃል ወይ ብለው ባንተይርጋን ጠየቁት። ወንድሟ ቢወድቅ በእሷ ሰበብ ነው።

ባንተይርጋም «አንድ ጊዜ ቀርቷል፤ ለፈተና፣ ሰው ተክቶ። ቀጥቼዋለሁ። ቅጣቱን ሳያጉረመርም ጨርሷል። እኔ ብሆን እወስደዋለሁ» አለ።

ወሰዱት። አሁን መቶ አለቃ ሆኖ ሩቅ አገር ነው፤ ስልኩም በበዓል በበዓል ነው የሚመጣው። ጎረቤቶቿ ብቻዋን ቁጭ ብላ ሲያዩዋት ምነው ከፋሽ ይሏታል።

«መኮንን ይሁንልኝ ብዬ ዱዓ አድርጌ ያገኘሁትን ምን ብዬ አለቅስበታለሁ?» ትላቸዋለች።