ጣና ዳር የተለቀሰልኝ ቀን
በቁሜ ተለቅሶልኛል ብል ታምኑኛላችሁ? ከደብረ ታቦር ወርደን ጣና ዳር አዲስ ዓይነት ሙዚቃ ልናሳይ ነው። ጓደኞቼ ቆርቆሮ እየደበደቡ ያቃስታሉ፤ እኔ ነጭ ጋቢ ተከናንቤ የትርኢቱ ሬሳ ሆኜ ተጋድሜያለሁ። ከይፋግ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሰምጬ የሞትኩ መስሏቸው «ወዮ!» እያሉ ከበቡን። ጓደኞቼ ደንግጠው ቆርቆሯቸውን ጣሉ። ብነሣ መደብደባችን ነው፤ ብተኛ ሊቀብሩኝ ነው። አንዲት አልቃሽ እናት ሙሾ ጀመሩና ቆም አሉ።

«ስሙን ንገሩኝ እንጂ! ማን ብዬ ላልቅስለት?»

ጨነቀኝና ከጋቢው ውስጥ «ደሳለኝ!» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ዱላ ስጠብቅ አልቃሿ እናት ጋቢውን ገልጠው አዩኝ።

«ተመስገን! በል የእናትህንም ስም ንገረኝ፤ እልልታው ለእሷ ነው።»