ድምፅ ያወጣች በረኛ

አሥረኛ ክፍል ሳለች ስም ሲጠራ "አቤት" ማለቷን መምህራኑ ስለማይሰሙ፣ ፊታቸው ተቀምጣ ግማሹን ዓመት ቀሪ ተብላለች። ዛሬ ባልደረቦቿ "ጡሩንባ" የሚሏት አዋላጅ ነርስ እሷው ናት።

ጥፋተኛው የትምህርት ቤቱ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ናቸው። ቁመቷን አይተው በረኛ አደረጓት። በመጀመሪያው ጨዋታ ተከላካዮቿን "እባካችሁ፣ ከኋላችሁ ሰው አለ" እያለች በሹክሹክታ ስትለማመጥ አምስት ጎል ገባባት። አሰልጣኙ አልተቆጡም። በማግስቱ እሷን አንዱ ጎል ላይ አቁመው፣ ራሳቸው ሌላኛው ጎል ውስጥ ወንበር አስቀምጠው ጋዜጣ ዘረጉ።

"ጥሪኝ፤ ስሰማሽ እነሳለሁ።"

አሥራ አንድ ቀን አልተነሱም። ጋዜጣውን እስከ ጨረታ ማስታወቂያው ድረስ አነበቡት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ንዴቷ ገንፍሎ "አሰልጣኝ!" ስትል፣ ርእሰ መምህሩ እሳት የተነሳ መስሏቸው በአንድ እግር ጫማ ከቢሮ ወጡ። አሰልጣኙ ጋዜጣቸውን አጥፈው ተነሱ።

"አሁን ገና ቡድን ሆንን" አሉ።

ያ ድምፅ አንዴ ወጣ፣ በቃ፣ አልተመለሰም። ባሏ "እሷ ጨው ስትጠይቅ ጎረቤት ያቀብላል" እያለ ያማታል። ምጥ የያዛት ሴት ግን ስትሰማት ትበረታለች። አንድ ቀን "አይዞሽ እህቴ፣ አሁን እንግፋ!" ስትል፣ ኮሪደር ላይ ባዶ አልጋ ይዞ የቆመው ሠራተኛ እሱን ያለችው መስሎት አልጋውን ከግድግዳ ጋር አላተመው።

አምና አንድ ጠዋት፣ ጡረታ የወጡት አሰልጣኝ ምጥ የያዛትን ልጃቸውን ደግፈው መጡ። አማቻቸው ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበርና ከአጠገቧ አልለይም አሉ። ያ ባልከፋ፤ ማሠልጠን ጀመሩ እንጂ።

"ትንፋሽሽን ቆጥቢ! ገና ሁለተኛው አጋማሽ አለ!"

"አባዬ፣ በናትህ ተወኝ!" አለች ልጃቸው።

አዋላጇ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ በሩን አሳየቻቸው። "አሰልጣኝ፣ ይውጡልኝ!"

"እኔ ላይ ትጮኺያለሽ?"

"ታዲያ ማን አስተማረኝ?"

ወጡ። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ከውስጥ ጩኸት በተሰማ ቁጥር አጠገባቸው ያለውን ሰው በክርናቸው ይጎሽሙ ጀመር። "ሰማሃት? የኔ በረኛ ናት።"

"ጎበዝ ነበረች?"

"ኧረ ምኑን! ወንፊት ነበረች። ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ተከላካይ 'አልሰማሁም' ብላኝ አታውቅም።"

ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። አሰልጣኙ ገብተው አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

"አባዬ፣ ሰው የሞተ አስመሰልከው እኮ!" አለች አራሷ፣ ደክሟትም እየሳቀች።

አዋላጇ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፤ እንባቸውን የሚጠርጉበት ፋሻ ሰጠቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ቧንቧው መልሳ፣ የታጠበ እጇን እንደገና በሳሙና ታሽ ጀመር።